እንሰት የሌለው ጓሮ

መስከረም ጠብቶ የወላይታ ዘመን መለወጫ የጊፋታ በዓል ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በወላይታ ዞን የኦፋ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በገሱባ ከተማ፣ በአንድ ቡና ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ያየሁትና የሰማሁት ነገር እስከ ዛሬ ከልቡናዬ አልጠፋም። በግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ተከታታይ ድራማ ይታይ ነበር። ከፊቴ የተቀመጡት አንዲት አሮጊት እናት አማርኛ የማይሰሙ ስለ ነበሩ፣ ዐሥር ዓመት የማይሞላት የልጅ ልጃቸው አፏን ወደ ጆሯቸው አስጠግታ፣ ከቱርክኛ ወደ አማርኛ የዞረውን ነገር እንደ ገና ወደ ወላይትኛ እየመለሰች ታስረዳቸው ነበር። እሳቸውም ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ አንድ ነገር ቢጠይቋት ልጅቱ መልስ አጥታ ሣቀች። ምን እንዳሉ ብጠይቃት፣ «የእነዚህ ሰዎች ቤት በጓሮው እንሰት የለውም ወይ? ታዲያ እንግዳ ሲመጣባቸው ምን ያበላሉ? እያሉ ነው» አለችኝ።

በወላይታ ምድር የቤት ክብሩ ከጓሮው እንሰት የሚጀምር ስለ ሆነ፣ እኒያ እናት በባዕዱ ሥዕል ውስጥ ይፈልጉ የነበረው የራሳቸውን ኑሮ ነው፤ ሰው በሥዕል ፊት ሲቀመጥ አስቀድሞ የሚሻው የራሱን መልክ ነውና።

ነቀፌታዬ በድራማውም ሆነ በሚያሳየው ጣቢያ ላይ አይደለም። በሌላ አገር የተሠራ ድራማ ወጪውን በተወለደበት ገበያ አስቀድሞ ስለሚመልስ፣ ወደ እኛ ሲደርስ በጥቂት ዋጋ ይሸጣል፤ በገሱባ ወይም በወላይታ ሶዶ አንድ ክፍል ለመቅረጽ ግን ለደራሲው፣ ለተዋናዩ፣ ለካሜራ ባለሙያው፣ ለመብራቱና ለመጓጓዣው ሁሉ ሙሉ ዋጋ መክፈል ግድ ነው። እንግዲህ ነጋዴው ርካሹን ቢመርጥ የንግድ ሕግ ነው፤ ነጋዴ የማይችለውን የሕዝብ ሸክም ይሸከም ዘንድ የተሾመው መንግሥት ነው።

አበው ጥበብን ለገበያ ብቻ ጥለው አያውቁም። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ የሚጽፈው ጸሓፊና የቤተ መቅደሱን ግድግዳ በሥዕለ ቅዱሳን የሚያስጌጠው ሠዓሊ፣ ኑሯቸው ከገዳሙና ከደብሩ መተዳደሪያ፣ ከነገሥታቱና ከመኳንንቱ ስጦታ ነበር። ይኸው ልማድ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ በተከፈተ ጊዜ በአዲስ መልክ ቀጥሏል፤ ተዋናይ ደመወዝ የሚቆረጥለት ባለሙያ ሆነ፤ በመድረኩ ላይ ካደጉትም ብዙዎቹ ኋላ የፊልማችን ፊት ሆኑ። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር፣ በዚያው ዘመን የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ተሠራ፤ ነገር ግን ቴሌቪዥኑ ቋሚ በጀት ሲያገኝ፣ ፊልሙ እንደ ሙት ልጅ በየዘመድ ደጅ ኖረ። በደርግ ዘመን የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን እንኳ ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ተዘግቶ፣ ሙያው በግለሰቦች ኪስና ብድር ላይ ወደቀ።

የዚህን ውጤት «ጤዛ» የተባለው ፊልም ይመሰክራል። ጎንደር የተወለደው አዘጋጁ ኃይሌ ገሪማ ገንዘብ ሲያፈላልግ ከዐሥር ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ ፊልሙ በጀርመን ተባባሪነት ተፈጽሞ በ2001 ዓ.ም. በዋጋዱጉ የፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ፣ አገኘ። ሸላሚዋ አገር ቡርኪና ፋሶ ከእኛ የማትሻል ድኻ ስትሆን፣ በ1970 እ.ኤ.አ. ሲኒማ ቤቶቿን በመንግሥት እጅ አድርጋ፣ ከትኬቱ ገንዘብ ከፊሉ ለፊልም ሥራ እንዲውል ሥርዐት አቆመች። ኢድሪሳ ዌድራኦጎ የተባለው ልጇም የገጠር ሰዎች በገዛ ልሳናቸው በሞሬ የሚነጋገሩበትን «ቲላይ»ን ሠርቶ፣ በ1990 እ.ኤ.አ. በካን የፊልም በዓል ታላቁን የዳኞች ሽልማት ተቀበለ። የመንደር ቋንቋ ለዓለም እንደማይበቃ የሚያስብ ሰው ቢኖር ይህን ይመልከት።

«መንገድና ንጹሕ ውኃ የሚጠብቅ ገበሬ እያለ ለፊልም እንዴት ገንዘብ ይወጣል?» የሚል ሰው ጥያቄው የኅሊና ጥያቄ ስለ ሆነ መልስ ይገባዋል። እኔም ከጤና ጣቢያው ተቀንሶ ይሰጥ አልልም፤ ሥዕል ሥዕልን ይመግብ ነው የምለው። ከሲኒማ ትኬትና በውጭ አገር ድራማዎች መካከል ከሚተላለፈው ማስታወቂያ ጥቂት ድርሻ በዐዋጅ ተከፍሎ በአንድ ሣጥን ይከማች። የሣጥኑ ቁልፍ ግን በባለሥልጣን እጅ አይሁን፤ የገንዘቡ ጌታ ባለሥልጣኑ ብቻ ከሆነ ፊልሙ የሥልጣን አፍ ይሆናልና። የሥራ ዘመናቸው በሕግ የተወሰነ፣ ውሳኔያቸውን ከነምክንያቱ ለሕዝብ የሚያትሙ የሙያው ሰዎች ይዳኙበት፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ለሚሠሩና በሌሎች የሀገራችን ልሳናት ለሚጻፉ ድርሰቶች የታወቀ ድርሻ ይቆረጥ፤ የሕዝብ ጣቢያዎችም የተሠራውን በተገቢ ዋጋ ገዝተው የማሳየት ግዴታ ይኑርባቸው። በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀ የፊልም ፖሊሲ አለን፤ ነገር ግን ገንዘብ ያልተመደበለት ፖሊሲ ነፍስ የተለየው ሥጋ ነው። የክልል መንግሥት መቀመጫም ዩኒቨርሲቲም ያላት ሶዶ፣ ለወጣቶች የተከፈተ አንድ የቅንብር ክፍልና ጥቂት ካሜራ ብታዘጋጅ፣ ለመጀመር ያህል ይህ ብዙ ነው።

በዚያች ምሽት ድራማው ሳያልቅ አሮጊቷ እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ ልጅቱም ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሥዕል ሳትነቅል እጃቸውን ይዛ ወጣች። ሁለት ቋንቋ ተሻግራ የሰው ታሪክ ለአያቷ ያደረሰች ሕፃን፣ የራሷን ታሪክ መናገር እንዴት ያቅታታል? ካሜራውን የሚያቀብላት ካገኘች፣ በሣቅ ያለፈችውን ጥያቄ አንድ ቀን የአያቷን ጓሮ በማሳየት ትመልስላቸው ይሆናል።