ጥፋቱ የወጥ ሠሪዋ ነውን?

በአሜሪካ ሳልሞኔላ የተገኘበት ጥሬ ዶሮ እንዳይሸጥ የሚያግድ አጠቃላይ ሕግ ዛሬም የለም። በ1974 እ.ኤ.አ. የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የቤት እመቤቶች አብስሎ ማቅረብን ያውቃሉና በሥጋና በዶሮ ላይ ማስጠንቀቂያ መለጠፍ ግዴታ አይደለም ሲል ፈረደ። በ1993 በደንብ ያልበሰለ ሀምበርገር አራት ሕፃናትን ከቀጠፈ በኋላ፣ በተፈጨ የበሬ ሥጋ ላይ ገዳዩ የኢ. ኮላይ ዝርያ በ1994 ተከለከለ። ዶሮ ግን ተረሳች። የግብርና ሚኒስቴሩ በኦገስት 2024 የሳልሞኔላን መጠን የሚገድብ ደንብ አርቅቆ፣ በኤፕሪል 2025 ራሱ አነሣው።

እኛ ሐበሾች ደግሞ አሥራ ሁለቱን ብልት በሎሚና በጨው ደጋግመን እናጥባለን። እኔም አጥብ ነበር። እጥበቱ ባክቴሪያውን አይገድልም፤ ፍንጣሪው መክተፊያውንና ለሰላጣ የተቀመጠውን ቲማቲም ይበክላል እንጂ። የሚገድለው እሳት ነው፤ የሥጋው ውስጥ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። (ለሰዓታት የሚንተከተከው ወጣችን በዚህ አይታማም።)

የምቃወመው ይህ ምክር የአምራቹ ማምለጫ ሲሆን ነው። ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ በሽታ ይሸምታል፤ ሲታመም «አላበሰልክም» ይባላል። ስዊድን በ1953 ዘጠና ያህል ሰው በሳልሞኔላ ከሞተባት ወዲህ ቁጥጥሩን ከመኖውና ከእርባታው ጀመረች፤ ዛሬ በሱቆቿ ዶሮ ላይ ሳልሞኔላ እምብዛም አይገኝም። የአሜሪካ ኩባንያዎች ይህ የሚያቅታቸው በምን ምክንያት እንደ ሆነ የሚያስረዳኝ ካለ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።