ለሐጅ የሚሄዱ ወላጆቻችንን እንዴት እንሸኛቸው?



በዚህ ወር ዓምዳችን በሰው አገር ስለሚገኝ መንገደኛ ደኅንነት፣ በተለይም ለሐጅ ስለሚጓዙ አዛውንት ወላጆቻችን ጥቂት ልንነጋገር ወደናል።

እናታችን ከሐጅ በተመለሱበት ዕለት፣ ዘምዘሙና ተምሩ ለጎረቤት ከታደለ በኋላ፣ አንድ ነገር ቀስ ብለው አጫወቱን። ሚና ውስጥ ለውዱእ ከድንኳናቸው ወጥተው መመለሻው ጠፋባቸው። ድንኳኑ ሁሉ ነጭ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ዐረብኛ መናገር አይችሉም፤ ስልካቸው ድንኳን ቀርቷል። ፀሐይ ላይ ብዙ ከተንከራተቱ በኋላ አንድ የማያውቁት ወጣት አንገታቸው ላይ ያለውን መታወቂያ አንብቦ አደረሳቸው።

«ውሃስ አልጠጡም ነበር?» አልናቸው።

«ሽንት ቤቱ ወረፋ ነው ልጄ። እንዳልቸገር ብዬ ከጠዋት ጀምሮ አልቀመስኩም።»

«ተሽከርካሪ ወንበሩስ?»

«ሐጄ እንዳይጎድልብኝ ብዬ እምቢ አልኩ።»

አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ተመልሰዋል። እኛን ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ጥፋቱ የእርሳቸው አልነበረምና። ሻንጣቸውን ስንመዝን፣ ስንቃቸውን ስናዘጋጅ ሰንብተን ስለ ውሃውና ስለ ወንበሩ አንዲት ቃል ሳንነግራቸው ነበር የሸኘናቸው። ሌላውን የምናስተምር ሰዎች የገዛ እናታችንን ሳናስተምር ቀረን።

ነገሩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 ሚና አጠገብ በሚገኝ የእግረኞች ዋሻ ውስጥ በተፈጠረ መረጋገጥ 1426 ሑጃጅ ሕይወታቸውን አጥተዋል። በ1997 በሚና ድንኳኖች ላይ የተነሳው እሳት 343 ሰዎችን ፈጅቷል። በ2015 ሚና ውስጥ በደረሰው መጨናነቅ የሳዑዲ መንግሥት ይፋ ያደረገው የሟቾች ቁጥር 769 ሲሆን፣ የየአገሮቹ መግለጫ ሲደመር ግን ከ2400 በላይ ሆኗል። ከነዚህም መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። ከ1997ቱ እሳት በኋላ እሳት የማይበላቸው ድንኳኖች ተተክለዋል፤ የጀመራት ድልድይም ባለ ብዙ ፎቅ ሆኖ ተሠርቷል።

ሙቀቱ ግን አሁንም አለ። በ2024 ሐጅ በመካ 51.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቧል፤ 1301 ሰዎችም ሞተዋል። ከሟቾቹ ከመቶ 83ቱ የሐጅ ፈቃድ ያልነበራቸው እንደሆኑ የሳዑዲ ባለሥልጣናት ገልጸዋል። ፈቃድ የሌለው ሰው ቀዝቃዛ አየር ያለው ድንኳንም አውቶቡስም ስለማያገኝ ረጅሙን መንገድ በጠራራ ፀሐይ በእግሩ ይጓዛል። ስለዚህ «በሌላ ቪዛ አስገባችኋለሁ፣ ዋጋውም ርካሽ ነው» የሚል ደላላ ሲመጣ፣ ርካሽ የሆነው ምን እንደሆነ ቤተሰብ ቆም ብሎ ያስብ።

ብዙ አባቶችና እናቶች መከራውን በተሸከሙ ቁጥር ምንዳቸው የሚጨምር፣ ማቅለያውን ከተቀበሉ ደግሞ ሐጃቸው የሚጎድል ይመስላቸዋል። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) የስንብት ሐጅ ግን ሌላ ያስተምረናል። ሰውነታቸው ከባድ ለነበረው ለባለቤታቸው ለሰውዳ (ረ.ዐ) ሕዝቡ ሳይጋፋ በፊት ከሙዝደሊፋ በሌሊት እንዲወጡ ፈቅደዋል። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ሲታመሙ ከሰዎች ኋላ ሆነው በእንስሳ ላይ ተቀምጠው ጠዋፍ እንዲያደርጉ ነግረዋቸዋል። እርሳቸው ራሳቸው ጠጠር ሊወረውሩ ሲሄዱ ከባልደረቦቻቸው አንዱ ከሙቀቱ በጨርቅ ያጠላላቸው ነበር። ታዲያ የዛሬው ጃንጥላና ተሽከርካሪ ወንበር ከዚህ በምን ይለያል? ግመሉን ልተዋትና በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቃቸውም ሰው መጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያም በአላህ እንዲመካ ነው የመከሩት።

እንግዲህ ወላጆቻችንን ከመሸኘታችን በፊት ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የማጅራት ገትር ክትባት ሳዑዲ ከመድረሳቸው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብለው ይከተቡ። የስኳር ወይም የደም ግፊት በሽታ ካለባቸው መድኃኒቱ ለጉዞው ሁሉ የሚበቃ ይሁን፤ የሐኪሙ ወረቀትም አብሮት ይኑር። ኢንሱሊን ፀሐይ ላይ እንደሚበላሽ እናስረዳቸው።

ሁለተኛ፣ የቡድን መሪያቸውን ስልክና የድንኳኑን ቁጥር በዐረብኛ ጽፈን፣ በፕላስቲክ ሸፍነን አንገታቸው ላይ እናንጠልጥል። የፓስፖርቱ ቅጂ ለብቻው ይቀመጥ። ገንዘቡንም በሁለት ቦታ ይያዙት።

ሦስተኛ፣ ሳይጠማቸውም ውሃ እንዲጠጡ ቃል እናስገባቸው። አንድ ሰው በሙቀት ውስጥ ንግግሩ ከተዛባ ወይም ግራ ከተጋባ «ደክሞት ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ ጥላ ሥር አስገብቶ ልብሱን በውሃ ማራስና ማራገብ ያስፈልጋል። በመካ አካባቢ የአስቸኳይ እርዳታ ስልክ 911፣ የቀይ ጨረቃ ደግሞ 997 ነው።

አራተኛ፣ ወደ ጀመራት ለቡድናቸው በተመደበው ሰዓት ብቻ ይሂዱ። ከሰው ጎርፍ በተቃራኒ አይመለሱ፤ ጫማም ሆነ ጃንጥላ ቢወድቅ ለማንሳት አያጎንብሱ። በሕመም ወይም በእርጅና መወርወር ያልቻለ ሰው ሌላውን መወከል እንደሚችል ዑለማዎች አስተምረዋል።

ወጣቶች ሆይ! ይህ ሥራ የእናንተ ነው። አንድ ምሽት ከወላጆቻችሁ ጋር ተቀመጡና ይህን አንድ በአንድ ንገሯቸው፤ እኛ ሳንነግራቸው የቀረነውን እናንተ አትዘንጉት። ከሁሉ አስቀድማችሁ ግን፣ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ሐጅን እንደማያጎድል ንገሯቸው።

አላህ ሐጃቸውን መብሩር ያድርግላቸው፤ በሰላም ወደ ቤታቸው ይመልሳቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም።