መብራት መጣ፣ ፎልደሩ ግን አልመጣም

ዓርብ ከሰዓት ነበር። ሰቆጣ ውስጥ አንድ ጓደኛዬ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ፊት ለፊት ሦስት ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር፣ ግድግዳው ላይ ራውተር፣ ጓዳ ውስጥ ደግሞ "ይሄን እንዳታጠፋው" የተባለ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። እኔ ጥግ ይዤ ስልኬን ቻርጅ አደርጋለሁ። ከዝቋላ የመጡ አንድ አባት የመሬት ጉዳይ አቤቱታ አጽፈው ቁጭ ብለዋል። ሁለት ገጽ ናት፤ ተጽፋ አልቃለች፣ ሴቭ ተደርጋለች። የቀረው ፕሪንት የሚለውን መጫን ብቻ ነው። ልክ በዚያች ሰዓት መብራት ጠፋ።

20 ደቂቃ ሳይሞላ ተመለሰ። "እሰይ!" አልን። ኮምፒውተሮቹ ተነሱ። ጓደኛዬ ፋይሉን ሊከፍት ሲል ግን ሥራውን ሁሉ የሚያስቀምጥበት "ዜድ" የሚባለው ድራይቭ ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት ተቀምጧል። ሁሉንም የኔትወርክ ድራይቮች መልሶ ማገናኘት እንዳልተቻለ የሚናገር ጽሑፍም ብቅ አለ። ሪስታርት አደረገው፤ ያው ነው። ራውተሩን አጥፍቶ አበራው፤ አሁንም ያው። ኮምፒውተሮቹን የገጠመለት ልጅ ጋ ደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው።

"አባባ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፤ ኔትወርክ ነው" አላቸው።

"የጻፍከው እዚሁ ፊቴ አይደለም እንዴ፣ ልጄ? የት ሄደ?" አሉት።

ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ መልሱን ግን ከሁለታችንም የሚያውቀው አልነበረም። ጓደኛዬ ፋይሉ "ዜድ ውስጥ" እንዳለ ያውቃል። ዜድ የት እንዳለ ግን አያውቅም። ብዙ ከደካከምን በኋላ ከራውተሩ የወጣውን ገመድ ተከትዬ ጓዳ ገባሁ። ያ "እንዳታጠፋው" የተባለው ኮምፒውተር ጠፍቶ ቁጭ ብሏል። ለካ ዜድ ማለት እሱ ላይ ያለ አንድ ፎልደር ነው። አስነሳነው። ፊት ለፊት ያሉት ኮምፒውተሮች ግን አሁንም አላገኙትም። በመጨረሻ ፋይሉን በፍላሽ ገልብጠን ስናወጣ 12 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ቢሮ የሚዘጋው 11 ሰዓት ተኩል ነው። እሳቸው ሰኞን ለመጠበቅ ሰቆጣ ማደሪያ ፍለጋ ሄዱ።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። መብራቱ የጠፋው 20 ደቂቃ ነው። ሥራው የቆመው ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። የአንድ ገበሬ ጊዜ የባከነው ደግሞ ሦስት ቀን ነው፤ ማደሪያውና ምግቡ ሳይቆጠር። በእኔ እምነት ስለ መብራትና ኔትወርክ መቆራረጥ ስናማርር የምንረሳው ይህንን ነው። የሚጎዳን መቋረጡ ብቻ አይደለም፤ ከተመለሰ በኋላ ሥራው አብሮ አለመመለሱ ነው። መብራቱን መመለስ በእጃችን አይደለም። ሥራው ቶሎ እንዲመለስ ማድረግ ግን አብዛኛው በእጃችን ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። ሼርድ ፎልደር ማለት አንድ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ሌሎቹ በኔትወርክ የሚከፍቱት ፎልደር ነው። በየቀኑ ከመፈለግ ብላችሁ "ስትነሳ ራስህ አገናኘው" ብላችሁ ታዙታላችሁ። ኮምፒውተሩም ሲነሳ አንዴ ይሞክራል። ችግሩ "አንዴ" የምትለዋ ላይ ነች። መብራት ድንገት ሲመጣ ሁሉም እኩል አይነሳም። ፊት ያሉት ቶሎ ይነሳሉ፣ ራውተሩ ትንሽ ይዘገያል፣ የጓዳው ደግሞ ቁልፉን የሚጫነው ሰው ካልመጣ ጭራሽ አይነሳም። ይህ ማለት ማለዳ የጎረቤትህን በር አንዴ አንኳኩተህ ስላልተከፈተልህ "ሰውየው የለም" ብለህ ቀኑን ሙሉ እንደ መቅረት ነው። ሰውየው እኮ ፊቱን እየታጠበ ነበር!

ሁለተኛው ችግር አድራሻ ነው። ራውተር ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ያድላል፤ ሁሌ ግን ያንኑ ቁጥር ይሰጣል ማለት አይደለም። የጓዳው ኮምፒውተር ዘግይቶ ሲነሳ ሌላ ቁጥር ደረሰው። ፊት ያሉት ደግሞ የሚፈልጉት በድሮው ቁጥር ነው። ሪስታርት ብናደርግ፣ ብናደርግ ያልሠራው ለዚህ ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ ሁለታችን ቁጭ ብለን አስተካከልነው። እኔ የተመረቅሁት በኢኮኖሚክስ ነው፤ ባለሙያ አይደለሁም። ግን ይሄ ባለሙያ የሚያስጠራ ነገር አልነበረም።

መጀመሪያ የራውተሩን ገጽ ከፍተን ለጓዳው ኮምፒውተር ቋሚ ቁጥር ያዝንለት። ቀጥሎ የዚያኑ ኮምፒውተር ባዮስ ከፍተን፣ መብራት ሲመለስ ማንም ሳይነካው ራሱ እንዲነሳ አደረግነው፤ ብዙ ዴስክቶፖች ይህ ማስተካከያ አላቸው፣ ከፍቶ የሚያየው ሰው ግን ጥቂት ነው። ዊንዶውስ ያላቸው ሁለቱ ኮምፒውተሮች ደግሞ እንደተነሱ ሳይሆን ሁለት ደቂቃ ቆይተው ዜድን እንዲያገናኙ፣ ታስክ ሼጁለር በሚባለው ፕሮግራም አዘዝናቸው።

ሦስተኛው ላይ ያለው ኡቡንቱ ነው፤ ከሁሉ የወደድኩት መፍትሔ ያለው እዚያ ነው። ኤፍኤስታብ የሚባለው ፋይል ውስጥ አውቶማውንት የሚለውን አማራጭ ስትጨምሩ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ፎልደሩን ጭራሽ አይፈልገውም። የሚፈልገው እናንተ ስትከፍቱት ነው። ካልተጠቀማችሁበት ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ራሱ እንዲለቀው ማድረግም ይቻላል። የጓዳው ኮምፒውተር ዘግይቶ ቢነሳም ግድ የለም፤ በሩ የሚንኳኳው ጉዳይ ሲኖር ነው።

ይህ ደግሞ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰን ማይክሮሲስተምስ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤንኤፍኤስ የተባለውን የፋይል መጋሪያ ዘዴ ያወጣው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። እስከ ዛሬ ሊኑክስ ላይ በተለመደው አሠራሩ ዋናው ኮምፒውተር ድንገት ሲጠፋ ፋይሉን የሚፈልገው ፕሮግራም ደርቆ ይጠብቃል፤ እስኪመለስ ድረስ። ምክንያት አለው፤ ተስፋ ቆርጦ ከሚተውና የተጻፈው ግማሹ ከሚጠፋ መጠበቅ ይሻላል ተብሎ ነው። ግን እነሱም ቢሆኑ ሲነሱ ሁሉን ከማገናኘት ሲፈለግ ብቻ ማገናኘት እንደሚሻል የተረዱት በዚያው በ1980ዎቹ ውስጥ ነው። እነሱ ከ30 ዓመት በፊት የጨረሱትን ጉዳይ እኛ ዛሬም በሪስታርት ልንፈታው እንታገላለን።

"ይሄ ሁሉ ለምን? ቴሌግራም ላይ አስቀምጠው፤ ጎግል ድራይቭ አለ አይደል?" የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ፋይሎቼን ቴሌግራም ላይ ለራሴ እልካለሁ፤ አልዋሽም። ግን ከሐምሌ መጨረሻ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ገደማ ተዘግቶ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ጦርነትም ዋግ ውስጥ መብራትና ስልክ ለረጅም ጊዜ መጥፋታቸውን የኖረበት ያውቀዋል። ፋይሉ በሙሉ ደመና ላይ የነበረ ሰው በዚያ ዓመት ምን እንደሆነ ጠይቁት። ሼርድ ፎልደር ግን ኢንተርኔት አይፈልግም። ፓኬጅ አይፈልግም። ራውተሩ ከውጭው ዓለም ጋር ባይገናኝም እዚያው ቤት ያሉትን እርስ በርስ ያገናኛል። ኔትወርክ ማለት ኢንተርኔት ብቻ እየመሰለን ነው እንጂ ሁለት ክፍል መካከል ያለችውም ገመድ ኔትወርክ ናት።

በአገር ደረጃም የማየው ይኸው ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳኔት ሲዘረጋ ዓላማው ወረዳን ከክልልና ከፌዴራል ማገናኘት ነበር። ከዚያ ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 መጣ። ጥሩ ነው፤ ሩቁን ማገናኘት ያስፈልጋል። ግን አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ከክፍል 3 ወደ ክፍል 5 ሰነድ የሚሄደው በፍላሽ ከሆነ፣ ፍላሿም ቫይረስ ይዛ የምትመለስ ከሆነ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው መስመር ምን ይፈይዳል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መጀመሪያ ቤታችን ውስጥ ያለውን እናጥብቅ።

"ችግሩ መብራቱ ነው፤ መብራቱን ያስተካክሉት" የሚልም አለ። ልክ ነው፤ ይስተካከል። እስኪስተካከል ግን የዝቋላው ሰውዬ አቤቱታ ይጠብቃል? ከዝቋላ፣ ከሳህላ፣ ከአበርገሌ ለጉዳይ ወደ ሰቆጣ የሚመጣ ሰው መንገዱ ብቻ ስንት ያስከፍለዋል! እሱ ዘንድ የአንድ ከሰዓት መዘግየት አንድ ከሰዓት ሆኖ አይቀርም።

ጥንቃቄ የሚፈልጉ ሦስት ነገሮችም አሉ። አንደኛ፣ ፎልደሩ አልገናኝ ሲል ዩቲዩብ ላይ ብዙ ጊዜ የሚመከረው "ኤስኤምቢ 1ን አብራው፣ ፓስዎርዱን አጥፋው" የሚል ነው። አታድርጉት። በግንቦት 2009 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የተስፋፋው በዚያ አሮጌ መንገድ በነበረ ቀዳዳ ነው። ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ በአዲስ የሚጫን ዊንዶውስ 10 ላይ ማስገባቱን አቁሟል። ጽሕፈት ቤት ማለት የሰው የመሬት ጉዳይ፣ የፍቺ ጉዳይ፣ የሥራ ማመልከቻ ያለበት ነው፤ ዋይፋይ የተሰጠው ደንበኛ ሁሉ የሚከፍተው ፎልደር መሆን የለበትም። ሁለተኛ፣ ራውተር ከቀየራችሁ ዊንዶውስ አዲሱን ኔትወርክ "ፐብሊክ" ብሎ ሊመዘግበውና የፋይል መጋራትን ሊዘጋ ይችላል፤ ወደ "ፕራይቬት" መልሱት። ሦስተኛ፣ ሁሉም ፋይል አንድ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ያ ኮምፒውተር ሲሞት ሁሉም አብሮ ይሞታል። በየሳምንቱ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። ከተቻለ ደግሞ የጓዳው ኮምፒውተር ባትሪው የሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕ ይሁን፤ መብራት ሲጠፋ ቢያንስ ድንገት ተቆርጦ አይወድቅም።

ስልክ ብቻ ነው ያለኝ ለምትሉም፣ ስልካችሁ ከዚህ ውጭ አይደለም። አይፎን ላይ ፋይልስ የሚባለው አፕ፣ አንድሮይድ ላይ ደግሞ ብዙ የፋይል ማኔጀር አፖች ሼርድ ፎልደር ይከፍታሉ። ስልኩ "ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም" ብሎ ወደ ዳታ ሊቀይራችሁ ሲል "ይቆይ" በሉት። አንድ ነገር ብቻ፤ የስልክ ሆትስፖትን በራውተር ቦታ አትጠቀሙ። አድራሻው ሊቀያየር ይችላል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የስልኩ ባለቤት ምሳ ሊበላ ሲወጣ ራውተሩም አብሮት ይወጣል።

ቅዳሜ ማታ የመጨረሻው ሥራችን አንድ ወረቀት ነበር። "ዜድ ማለት የጓዳው ኮምፒውተር ነው። ቁጥሩ ይህ ነው። ካልከፈተ መጀመሪያ ጓዳ ገብተህ መብራቱ መብራቱን እይ፤ ከዚያ ራውተሩን እይ፤ ከዚያ ዜድን ደግመህ ክፈት።" በአማርኛ ጽፈን ግድግዳው ላይ ለጠፍነው። ፓስዎርዱን አልጻፍነውም፤ እሱ ጓደኛዬ ኪስ ውስጥ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ከሠራነው ሁሉ ትልቁ ለውጥ እሷ ወረቀት ነች ብዬ አምናለሁ። ዕውቀቱ ስልኩ የተዘጋ አንድ ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ መሆኑ ቀረ።

እናንተም ቢሮ፣ ሱቅ ወይም ጽሕፈት ቤት ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ሥራ ሲያልቅ ፋይላችሁን ሁሉ ሴቭ አድርጉና ኮምፒውተሮቹን ዝጉ፤ ከዚያ የግድግዳውን ማብሪያ ማጥፊያ ራሳችሁ አጥፉት። አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ አብሩትና ሰዓት ያዙ። የዛሬን የመጨረሻ ፋይል እስክትከፍቱ ስንት ደቂቃ ፈጀ? ጓደኛዬ ቤት ዓርብ ዕለት ሦስት ሰዓት ነበር። ቅዳሜ ማታ ስንሞክረው አራት ደቂቃ አልሞላም።