ሁለት አዋጅ፣ አንድ ጠመንጃ

የግሼ ገበሬ ጠመንጃ የሚገዛው በግና ገብስ ሸጦ፣ ሲብስም በሬውን ለገበያ አውጥቶ ነው። በራቤልና በዙሪያዋ ባለው የመንዝ ደጋ ጠመንጃ የቤት ንብረት ሲቆጠር ከበሬ ቀጥሎ፣ አንዳንዴም ከበሬ ቀድሞ ይነሣል። ሌባ ይጠበቅበታል፤ ለቅሶ ይተኮስበታል፤ ሙሽራ ይታጀብበታል፤ አባትም ለልጁ ያወርሰዋል። በጣልያን ወረራ ዘመን ራስ አበበ አረጋይ የሸዋን አርበኞች ሲመሩ፣ የአገሬው ገበሬ መሣሪያውን ይዞ መሸፈቱን አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው ሲተርኩ ኖረዋል። እዚህ ቤት ገብቶ «ይህን በማን ፈቃድ ያዝኸው?» የሚል መንግሥት፣ የሚጠይቀው ስለ ብረት ብቻ እንዳልሆነ አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

መጠየቁን ግን አልቃወምም። መሣሪያን በሕግ የማይገዛ መንግሥት መንግሥት አይባልም። የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው፤ ገበሬው ደጃፍ የሚቆሙት መንግሥታት ሁለት መሆናቸውና የሚናገሩትም ሁለት ቋንቋ መሆኑ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 የፌዴራሉን መንግሥት ሥልጣን ሲዘረዝር፣ የጦር መሣሪያ ስለመያዝ ሕግ የማውጣቱን ሥልጣን ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ያኖረዋል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 52 ደግሞ የራሱን ፖሊስ አደራጅቶ ሰላም የማስጠበቁን ሥልጣን ለክልሉ ይሰጣል። በወረቀት ላይ ሲነበብ አንዱ ሌላውን አይነካም። በመሬት ላይ ግን የአዲስ አበባ ሕግ ራቤል የሚደርሰው በክልሉ ፖሊስና በቀበሌው ሚሊሻ እጅ ነው። ያ እጅ ከታጠፈ ሕጉ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ እንደተጻፈ ይቀራል። መሣሪያን በፈቃድና በምዝገባ ሥርዓት ለማስገባት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያጋጠመውም ዕጣ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ይህ የሁለት መንግሥታት ጣጣ በእኛ አልተጀመረም። የአሜሪካ ግዛቶች «የፌዴራሉ የመሣሪያ ሕግ እኛን አይገዛንም» እያሉ ሕግ ሲያወጡ ኖረዋል። ሞንታና እ.ኤ.አ. በ2009፣ ካንሳስ በ2013፣ ሚዙሪ በ2021 ይህንኑ አድርገዋል። ሚዙሪማ የራሷ የፖሊስ መሥሪያ ቤት እንደ ሕገ ወጥ የቆጠረቻቸውን የፌዴራል ሕጎች ቢያስፈጽም እስከ 50,000 ዶላር እንዲቀጣ ደንግጋ ነበር። የሞንታናን ሕግ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2013 አልተቀበለውም፤ የሚዙሪውን አንድ የፌዴራል ዳኛ በ2023 ውድቅ አደረጉት፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2024 ውሳኔውን አጸና።

ከሁሉም ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው የካንሳሱ ነው። ሁለት ሰዎች የግዛታቸውን ሕግ አምነው፣ አንዱ የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ ሠርቶ ሸጠ፤ ሌላው ገዛ። ሁለቱም በፌዴራል ፍርድ ቤት ተከሰሱና በ2016 ጥፋተኛ ተባሉ። «ሕጋችን ፈቅዶልናል» ቢሉ አላዳናቸውም፤ በ2018 ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን አጸናባቸው። እስር ቤት ባይገቡም የወንጀለኛ ስም ተሸከሙ። ያንን ሕግ በጭብጨባ ያጸደቁት እንደራሴዎች ግን አንድም ነገር አልሆኑም። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው የሚባለው ይህ ነው።

አሜሪካኖቹ ግን ከዚህ ሁሉ ሙግት አንድ ቁም ነገር አትርፈዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ1997 በሰጠው ፍርድ፣ የፌዴራሉ መንግሥት የአካባቢ ሸሪፎችን የመሣሪያ ገዢዎችን ማንነት እንዲያጣሩለት ሊያስገድዳቸው አይችልም ብሏል። ስለዚህ አንድ ግዛት «ሕግህን በራስህ ሰው አስፈጽም፤ እኔ አላግዝህም» ማለት ይችላል። «ሕግህ በእኔ ምድር ሕግ አይደለም» ማለት ግን አይችልም። አለማገዝና መሻር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በፍርድ ተለይቶ ታውቋል፤ ዜጋውም የቱ ላይ እንደቆመ ቢያንስ አንብቦ ሊረዳ ይችላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በአዋጅ የተሻረ የመሣሪያ ሕግ አናገኝም። የእኛ ሰው ሕግ የሚሽረው በዝምታ ነው፤ ሲያሻውም በክተት ጥሪ።

ሐምሌ 18 ቀን 2013 ዓ.ም. የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር የነበሩት አቶ አገኘሁ ተሻገር፣ የመንግሥትም ሆነ የግል መሣሪያ ያለው ሁሉ ወደ ግንባር እንዲዘምት ጥሪ አቀረቡ። በዚያ ጥሪ ላይ ፈቃድ ያለውና ፈቃድ የሌለው ተብሎ አልተለየም። ጥፋቱ የክልሉ ብቻ እንዳይመስለን፣ ጥቅምት 21 ቀን 2014 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ሕዝቡ ማናቸውንም መሣሪያ ይዞ እንዲዘምት ጠየቁ። ከሁለት ቀን በኋላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና የአዲስ አበባ ነዋሪ መሣሪያውን በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብ ተነገረው። ዝመትበት የተባለውና አስመዝግበው የተባለው ያው አንዱ ጠመንጃ ነው! የፌዴራሉን ሕግ መጀመሪያ ያላላው ክልሉ ነው ወይስ ራሱ ፌዴራሉ? መልሱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

የደጋው ገበሬ የተጠራው በከንቱ አልነበረም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. መንግሥት መዘዞን፣ ሞላሌንና ሸዋሮቢትን አስለቀቅሁ ብሎ ሲያውጅ፣ ጦርነቱ መንዝ ድረስ መዝለቁን አገር ሁሉ ሰማ። ከዚያም በፊት፣ በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ፣ የክልልም የፌዴራልም ኃይል ባለበት አገር አጣዬ ነድዳለች። ይህን ያየ ሰው «መሣሪያህን አስረክብ፣ እኔ እጠብቅሃለሁ» ሲባል «ያን ጊዜ የት ነበርህ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው የሽፍትነት ሳይሆን የሒሳብ ነው።

ሂሳቡ ሳይዘጋ ሌላ ትእዛዝ መጣ። መጋቢት 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የፌዴራሉ መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎች ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስና ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በሕግ ዓይን ሲታይ ውሳኔው መሠረት አለው፤ ሕገ መንግሥቱ ለክልል የሰጠው ፖሊስ እንጂ ልዩ ኃይል የሚባል ሠራዊት አይደለም። ይሁንና ያ ሠራዊት ለዓመታት ሲደራጅና ሲታጠቅ ሕገ መንግሥቱን የጠቀሰ ባለሥልጣን አልነበረም። ለዓመታት ዝም የተባለ ሕግ በአንድ ሌሊት ሲነቃ ሰው ሕግ ነው ብሎ አይቀበለውም፤ ጥቃት ነው ይላል። በአማራ ክልል ከተሞች ተቃውሞው ፈነዳ፤ «ነገ ደግሞ ተራው የእኔ ጠመንጃ ነው» የሚል ስጋትም በየገጠሩ ገባ። ሐምሌ 27 ቀን ክልሉ ራሱ የፌዴራሉን መንግሥት ጣልቃ ግባልኝ ብሎ ጠየቀ፤ በማግሥቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከሁለት ዓመት በፊት መሣሪያ ያለህ ውጣ ያለው ክልል፣ መሣሪያ የያዘውን አስታግሱልኝ አለ።

ውድ አንባቢ፣ ከዚህ ተነሥተው ሁለት ዓይነት ወገኖች ይሟገቱኛል። የመጀመሪያዎቹ «ክልሉ በግልጽ አልቀበልም ብሎ የመሣሪያ ሕጉን መሻር ነበረበት» ይላሉ። ለእነዚህ የካንሳሱን ሁለት ሰዎች አስታውሳቸዋለሁ፤ የክልል ቃል ከፌዴራል ክስ አያድንም። በእኛ አገርማ መዘዙ ከክስም አልፎ ይሄዳል። ትግራይ ጳጉሜን 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ምርጫ ስታካሂድ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ምርጫው እንዳልተደረገ ይቆጠራል ብሎ ነበር። ሁለቱም አልተደማመጡም፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ጦርነት ተከፈተ። ያ ጸብ ስለ ምርጫ እንጂ ስለ ጠመንጃ አልነበረም፤ መሻሻሩ ግን ያው ነው።

ሁለተኛዎቹ «ሕግ ሕግ ነው፤ ማስፈታት ነው» ይላሉ። ለእነዚህ ደግሞ የጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጥሪ ከማን አፍ እንደወጣ አስታውሳቸዋለሁ። ሲጨንቀው ሕጉን የሚያጥፍ መንግሥት፣ ሲደላው ሕጉን ቢዘረጋው የሚያምነው አያገኝም።

እኔ እንደማምነው መውጫው ሦስት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ የፌዴራል ሕግ አይመቸኝም የሚል ክልል ዝም ብሎ ከማላላት ይልቅ ተቃውሞውን በአደባባይ ያስመዝግብ፤ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤና የፌዴሬሽን ምክር ቤት ለዚህ የተቋቋሙ ናቸው። ቤቱ ገለልተኛ አይደለም የሚል ካለ፣ እኔም ቅሬታውን እጋራለሁ፤ ሆኖም በመዝገብ የሰፈረ ተቃውሞ ነገ ዳኛ ሊያገኝ ይችላል፤ በዝምታ የተሻረ ሕግ ግን ከጥይት በቀር ዳኛ የለውም። ሁለተኛ፣ ማንም መንግሥት የግለሰብን መሣሪያ ለዘመቻ ሲጠራ፣ ዘመቻው ሲያበቃ መሣሪያው ምን እንደሚሆን፣ የጠፋው በምን እንደሚተካ አስቀድሞ በሕግ ይወሰን። ሦስተኛ፣ ጥበቃ ከማስፈታት ይቅደም። መዝገቡም የምዝገባ መዝገብ ሆኖ ይኑር፤ ዛሬ ተመዝገብ ተብሎ ነገ በዚያው ስም ዝርዝር የሚታደን ሰው ሁለተኛ ስሙን ለመንግሥት አይሰጥም።

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን የሚሄድ ሰው፣ የሚወርድ ውሃ ይቆማል» ይሉ ነበር። ሰውን ያቆመው የነበረው ያ ቃል ኃይሉን ያገኘው ከጠመንጃ አልነበረም። ማንም ቢናገረው፣ ለማንም ቢነገር ትርጉሙ አንድ በመሆኑ ነበር። ዛሬ የራቤል ገበሬ በሕግ አምላክ ሲባል «በየትኛው ሕግ? በአዲስ አበባው ወይስ በባሕር ዳሩ? በአምናው ወይስ በዘንድሮው?» ብሎ ለመጠየቅ ተገድዷል። ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ጠመንጃውን መጠየቅ፣ በሬውን ሸጦ የገዛውን ዋስትና ያለ ምትክ መጠየቅ ነው።

ቸር ያሰማን።