ኪሳራን መደበቅ ሌላ ኪሳራ ያመጣል



ዛሬ የምጽፍላችሁ በእሁድ ስብሰባችን ብዙ ጊዜ ስለምናነሣው ስለ ንግድ ነው። ሁላችንም ማለት ይቻላል፣ «ኮንትራቴን ጨርሼ አገሬ ገብቼ እነግዳለሁ» እንላለን። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ስላተረፉት እንጂ ስለ ከሰሩት ስናወራ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ከከሰሩት አንዷ ነኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ዓመት ሠርቼ ያጠራቀምኩትን ይዤ ወደ ደሴ ተመለስኩ። ከመሄዴ በፊት ቡርጅ ሐሙድ በቅናሽ ያገኘሁትን እጅጌ የሌለው ስስ ቀሚስና ክፍት ጫማ በሁለት ትልልቅ ሻንጣ ሞላሁ። እኔ ስለወደድኩት ሁሉም የሚወደው መሰለኝ። የደረስኩት በሰኔ መጨረሻ ነበር። የደሴን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በዚያ ዝናብና ብርድ ማን ስስ ቀሚስ ይገዛል? እናቶችም በዚያ ወቅት የሚያስቡት ለመስከረም የልጆቻቸውን ደብተርና ዩኒፎርም ነው። ዋጋ ስተምንም የዕቃውን መግዣ እንጂ ለትርፍ ኪሎ የከፈልኩትንና የመኪናውን አልደመርኩም። የቀረውን ለዘመድና ለጎረቤት በዱቤ ሰጠሁ፤ በደብተር አልጻፍኩትም። ጥር ሲገባ እጄ ላይ የቀረው ለሦስት ወር የቤት ኪራይ እንኳ አይበቃም ነበር።

ይህ ስህተት ነው፤ ኃጢአት ግን አይደለም። የበደልኩት ከዚያ በኋላ ነው። ስላፈርኩ ለጠየቀኝ ሁሉ «ንግዱ ጥሩ ነው» እል ነበር። ቤይሩት የነበረች ጓደኛዬ ደውላ ስትጠይቀኝም ያንኑ አልኳት። እሷም ቃሌን አምና ተመሳሳይ ዕቃ ገዝታ ገባች። ገንዘቧም እንደኔው ቀለጠ። ኪሳራዬ የእኔን የሁለት ዓመት ልፋት በላ፤ ውሸቴ ደግሞ የእሷን በላ። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«ገበናን ማውጣት ለሐሜት ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ሐሜት መኖሩ እውነት ነው። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ትልልቆቹም ይሳሳታሉ። የኮካ ኮላ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1985 የመጠጡን ጣዕም የለወጠው ወደ 200,000 ለሚሆኑ ሰዎች አስቀምሶ ነበር። ሆኖም የለመዱት ሲወሰድባቸው ምን እንደሚሰማቸው በሚገባ አላሰበበትም። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ኩባንያውም ሦስት ወር ሳይሞላ የድሮውን በአደባባይ መለሰ። እነሱ ካላፈሩ እኛ ስለ ሁለት ሻንጣ ለምን እናፍራለን?

ወደ ቤይሩት ተመልሼ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ እንደገና ሞከርኩ። አሁን ግን ምንም ከመግዛታችን በፊት ታናሽ እህቴ ጎረቤቶቿን፣ «ለመስከረም ምን ትገዛላችሁ? ስንት ትከፍላላችሁ?» ብላ ጠየቀች። መልሱ ከቤይሩት የሚመጣ ዕቃ አልነበረም፤ ደብተርና የልጆች ሹራብ ነበር። ከመርካቶ በትንሽ ገንዘብ አስመጣች። ዱቤ የወሰደ ሁሉ ስሙ በደብተር ሰፈረ። ትርፉ ትንሽ ነው፤ ግን ትርፍ ነው። ማርኬቲንግ የሚባለው ሙያም ዋና ነገሩ ይኸው ነው፦ «እኔ ምን እወዳለሁ?» ከማለት በፊት «ገዢዬ ምን ትፈልጋለች?» ብሎ መጠየቅ።

ንግድ ለምታምን ሴት ነውር አይደለም። በሐዋርያት ሥራ የምናነባት ልድያም ቀይ ሐር ሻጭ ነበረች፤ ቤቷንም ለሐዋርያት ከፍታለች።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በየወሩ መጨረሻ እሁድ ከጸሎት በኋላ ግማሽ ሰዓት እንመድብ። አንዲት እህት የከሰረችበትን ትንገረን፤ ሌሎቻችን ሳንፈርድባት እንጠይቃት፤ የሰማነውንም ለሐሜት አናውለው። የመጀመሪያውን እሁድ እኔ እጀምራለሁ። ጓደኛዬ ያኔ እውነቱን ሰምታ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የራሷ ሱቅ ይኖራት ነበር ይሆናል።

እግዚአብሔር የእጃችንን ሥራ ይባርክ፤ ለአገራችንም በሰላም ያብቃን። አሜን።