ለቆራሌው ያልተሰጠችው ቬስፓ

ሽሮ ሜዳ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ የከረመችውን ቬስፓ ባለቤቴ ለቆራሌው ልትሸጣት ዋጋ ተነጋግራ ነበር። ያስጣላት የልጅ ልጄ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ከመጣ ወዲህ ከክፍሉ አይወጣም ነበር፤ አንድ ጠዋት መፍቻ ይዞ ሸራውን ገለጠ።

ሞተሩን አብረን ፈታን። የፒስተኑ ፋሻዎች አልቀዋል፤ ምናለሽ ተራ ወርዶ ፈልጎ አመጣ። ዕቃውን በናፍጣ ስናጥብ ባለቤቴ የቡናውን ከሰል አሸሸች፤ ደግ አደረገች። ሞተር የሚሞከረውም ደጅ ነው፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሳይሸት ይገድላል።

ተነሣች። ወደ እንጦጦ ዳገቱን ልወጣባት ስል ግን ታፈነች። ዘይቱ ልክ ነው፤ ለእሷ ዓይነት ሞተር በሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር። ልጁ ካንዴላውን ፈታ፤ ጥቁርና እርጥብ።

«አባባ፣ ቤንዚን በዝቶባታል» አለኝ።

ሰፈራችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ያልፋል። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ለቆላ የተለካ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ቤንዚን የምታሳልፈዋን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ቁራጭ ጠበብ ባለች ስንቀይር ዳገቱን ወጣችው። (ቀዳዳዋን በሽቦ የሚጎረጉሩ አሉ፤ ትሰፋለች፣ ይብሳል።)

ይህን ያወጣው ከፊዚክስ መጽሐፉ ነው። ዝቅተኛ ያመጣውም በፊዚክስ ነው!

እናቱ «ሊነዳት ነው እንዴ?» እያለች ትደውላለች። መንጃ ፈቃድ እስኪያወጣ ቁልፉ እኔ ኪስ ነው። እሱ ትናንት የጎረቤት ጄኔሬተር ሊያይ ሄዶ ለምሳ እንኳ አልተመለሰም።