ጓጉንቸር በበጋ የት ትገባለች?

ባለፈው ሳምንት «ጓ» የምትለውን ፊደል ስናጠና «ጓጉንቸር» የሚል ቃል አነበብን። ያን ጊዜ አንድ አባት ተነሡ። «ልጆቼ፣ ይቺ ጓጉንቸር በጋውን ሙሉ አትታይም። ዝናብ በጣለ ማታ ግን ሜዳው በጩኸት ይሞላል። ከዝናቡ ጋር ከሰማይ ትወርዳለች ይባላል፤ እውነት ነው?» አሉን።

የለም አባባ፣ ከሰማይ አትወርድም። የምትወጣው ከመሬት ነው።

ጓጉንቸር ውኃ የምትጠጣው በአፏ አይደለም፤ በቆዳዋ ነው። ሆዷንና ጭኗን እርጥብ መሬት ላይ ስታሳርፍ ቆዳዋ ውኃውን ይመጥጣል። ታዲያ ውኃ የሚገባበት ቆዳ ውኃ ይወጣበታልም። ፀሐይ ላይ ብትውል ደርቃ ትሞታለች። ስለዚህ በጋ ሲመጣ ድንጋይ ሥር ወይም የመሬት ስንጥቅ ውስጥ ትገባለች። በኋላ እግራቸው እየቆፈሩ፣ ወደ ኋላ እየሄዱ የሚቀበሩ ዓይነቶችም አሉ።

ተቀብራ ምን ትበላለች? ምንም። አትንቀሳቀስም፣ ትንፋሿም ይቀንሳል። ሽንቷንም አትጥለውም። የሽንት ፊኛዋ እንደ ውኃ ቅል ነው፤ ውኃው ከዚያ እየተመለሰ ሰውነቷን ያርሳል። በአውስትራሊያ በረሃ የምትኖር አንዲት ዓይነት ብዙ ውኃ ስለምትይዝ፣ የአገሩ ነባር ሰዎች በድርቅ ጊዜ ቆፍረው ያወጧትና ጨምቀው ውኃዋን ይጠጡ ነበር።

በደቡባዊ አፍሪካ ያለችው ትልቋ ጓጉንቸር ደግሞ የገዛ ቆዳዋን እየገፈፈች፣ እንደ ብራና ደራርባ ትሸፈንበታለች። ለትንፋሽ የአፍንጫዋ ቀዳዳ ብቻ ይቀራል። ዝናብ ሲመጣ ብራናውን ቀዳ ትወጣለች፤ ትበላዋለችም!

በአሜሪካ በረሃ ያለችው ጉርጥ ዘዴዋ ሌላ ነው። ሰውነቷ ውስጥ ዩሪያ ታጠራቅማለች። አዎ፣ ያው ማሳ ላይ የምንበትነው ዓይነት ዩሪያ ነው። ጨው እርጥበት እንደሚስብ ሁሉ፣ ይህም ከአፈሩ ውኃ ይስብላታል።

እኛ ራሳችን ይህን ሳናስተውል አጥፍተናል። በየካቲት የመጸዳጃ ጉድጓድ ስንቆፍር ከጓሉ ጋር አንዲት ጉርጥ ወጣች። ዓይኗን ጨፍናለች፤ ድንጋይ ትመስላለች። የሞተች መስላን አፈሩ ክምር ላይ ጣልናት። ማታ ስናያት በእርግጥም ደርቃ ሞታለች። እናንተ ብታገኙ ጥላ ባለበት፣ እርጥብ አፈር ውስጥ መልሳችሁ ቅበሯት። ተባይ የምትበላልን እሷ ናት። የፀረ ተባይ መርጫም ኩሬ ውስጥ አትጠቡ፤ በቆዳዋ ውኃ የምትጠጣ መርዙንም በቆዳዋ ትጠጣዋለች። ከብቶቻችሁም የሚጠጡት ከዚያው ነው።

እኚያ አባት ግን አልለቀቁንም። «ተኝታ ሳለ ዝናቡን እንዴት ታውቃለች?» አሉ። የአሜሪካዋ ጉርጥ የምትነቃው ዝናቡ መሬቱን ሲደበድብ ንዝረቱ ጉድጓዷ ድረስ ሲሰማት ነው።

«እንዲህ ከሆነማ ጆሮዋ ከእኛ ይሻላል» ብለው ተቀመጡ።